ከስድስቱ የትኛውን? ዝነኛ የአማርኛ ልቦለዶች በአንድ ተራ አንባቢ ሚዛን

ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ልጠይቃት እንደምሄድ ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «እታለም፣ በርበሬውም ሽሮውም ይቅር፣ አንድ ልቦለድ ያዢልኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አንብቤ አላውቅም። አንዱን እሞክራለሁ፤ እሱ ካልያዘኝ በቃ፣ ሁለተኛ አልነካም።»

ቀላል ትእዛዝ መስሎኝ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ክንዱ ላይ ደርድሮ የሚዞር ልጅ «ዴርቶጋዳ»ን ዘረጋልኝ። የቢሮ ባልደረባዬ «‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ሳታነብ ሌላ ምን ልታነብ ነው?» አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከአዳም ረታ ውጭ ያለውን ሁሉ አጣጥሎ «ግራጫ ቃጭሎች»ን አዘዘልኝ። ሦስቱም የሚወዱትን ነው የነገሩኝ። እህቴ ግን በሳምንት አንድ ቀን የምታርፍ፣ ማታ ደክሟት የምትገባ፣ ረጅም ጽሑፍ ካነበበች ዓመታት ያለፏት ሰው ናት። መጽሐፉ ታላቅ ስለሆነ ብቻ ለእሷ ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ማንበብ የተወው መጥፎ መጽሐፍ ገጥሞት ሳይሆን ጥሩውን መጽሐፍ ያለ ሰዓቱ ጀምሮት ይመስለኛል።

ስለዚህ ከዝነኞቹ ስድስቱን መርጬ፣ ያላነበብኳቸውን አንብቤ፣ ድሮ ያነበብኳቸውን ደግሜ፣ ስምንት ወር ፈጀሁ። ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም። የማነበው ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይና ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። አስተያየቱ የእኔ ነው፤ ሚዛኑን ግን ማንም ወስዶ በሌላ መጽሐፍ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

በምን መዘንኳቸው?

ዝናን፣ «ይህን ያላነበበ» የሚለውን ወሬና የሽፋን ጀርባ ሙገሳን አላስገባሁም። አምስት ነገር ነው ያየሁት።

አንደኛው የመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ናቸው። ማንበብ ለተወ ሰው ወሳኙ እዚያ ነው። ሁለተኛው ቋንቋው ነው። «ጥሩ አማርኛ ነው ወይ?» ማለቴ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይደግም ያነበዋል ወይ ማለቴ ነው። ሦስተኛው መቆራረጥን መቻሉ ነው፤ አሥር ደቂቃ አንብባችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ስትመለሱ ታሪኩ ከነበረበት ይጠብቃችኋል ወይስ ከሥር መጀመር ግድ ይላል? አራተኛው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ነው፤ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ማዕረጉ፣ ስለ ፖለቲካው። አምስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ መጽሐፉ ተዘግቶ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ማን አብሯችሁ እንደቀረ ነው። ሴራው ይረሳል። ሰዎቹ ካልቀሩ ግን ያ መጽሐፍ ለእኔ አልቆመልኝም።

ፍቅር እስከ መቃብር

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙ ሰው አንብቤዋለሁ ሲል የሰማውን ማለቱ ነው፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለተረከው ታሪኩ ከገጹ አስቀድሞ በጆሯችን ገብቷል። እኔም እስከ አምና ድረስ ከሰሚዎቹ ነበርኩ።

ሳነበው የገረመኝ አጀማመሩ ነው። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለወንጌል እስኪገናኙ ብዙ ትጠብቃላችሁ። መጽሐፉ የሚነሣው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው፤ ከጋብቻቸው፣ ካዩት መከራ፣ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ከተሳሉት ስለት። ለፍቅር ታሪክ የመጣ ሰው እዚህ ይሰለቻል፤ እኔም በ40ኛው ገጽ አካባቢ ለሁለት ሳምንት አስቀምጬው ነበር። ስለቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሌሎች የወሰኑለትን ሕይወት ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ያን የመጀመሪያ ክፍል የዘለለ ሰው በኋላ በዛብህ ለምን እንደዚያ እንደሚፈራ አይገባውም። ስለዚህ ምክሬ አትዝለሉት፣ ግን ፍጠኑበት። በዛብህ አስተማሪ ሆኖ የሰብለወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባ በኋላ መጽሐፉ ራሱ ይይዛችኋል።

እኔን የያዘኝ ፍቅሩ አይደለም። የፍቅረኞቹ ንግግር ይረዝምብኛል፤ ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያነብ ወጣትም የሚደክመው እዚያ ይመስለኛል። የያዘኝ ጉዱ ካሳ ነው። የተወለደበት መደብ ያቆመውን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ የሚነቅፍ፣ በዚያም «ጉዱ» ተብሎ እንደ ዕብድ የተቆጠረ ሰው። ሲናገር ገጹን አጥፌ ቁጭ እል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ራሳቸው ፊታውራሪው ናቸው። ደራሲው ክፉ ሰው ብቻ አድርገው አልሳሏቸውም፤ በዘራቸው ኩራት የታሰሩ፣ የሚያስቁ፣ የሚያሳዝኑ ሽማግሌ ናቸው። ከባላገሮቹ ጋር የሚገቡበት ጠብ ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው። በአበጀ በለው የሚመራው ያ አመፅ ያለው የ1966ቱ አብዮት ከመምጣቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ መሆኑን ስታስቡ መጽሐፉ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ቃላቱ ለጎጃም ወይም ለቤተ ክህነት ሰው ምንም አይከብዱም። ከተማ ላደገ ግን የቅኔ ቤቱ፣ የማዕረጉና የርስቱ ነገር አንዳንድ ቦታ ያቆማል። መፍትሔው መዝገበ ቃላት ሳይሆን ታላላቆች ናቸው። እኔ ምዕራፍ ምዕራፉን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር፤ ያልገባኝን ትነግረኛለች፣ የምታውቀው ቦታ ላይ ስንደርስ ደግሞ ከሬዲዮ የያዘችውን በወጋየሁ ዜማ ቀድማኝ ትወጣዋለች። ሁለት ወር ፈጀብን። ብቻዬን ባነበው ግማሽ ደስታውን አላገኘውም ነበር።

ከአድማስ ባሻገር

የበዓሉ ግርማ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ቀጭን ነው፤ በአራት ቀን ጨረስኩት። አበራ ወርቁ ዕድሜው 35 የደረሰ ላጤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥዕል መሣል ይፈልጋል። ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ሚስት አግብቶ፣ ሥራውን አክብሮ፣ እንደ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። በዚህ መሐል ሉሊት ትመጣለች፤ ጓደኛው ኃይለማርያም ደግሞ እሱ ያልደፈረውን ደፍሮ ለመጻፍ ብሎ ሥራውን ይለቃል።

ይህ ታሪክ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ያረጀበት ነገር ጥቂት ነው። የቢሮው ድባብ፣ ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ «መቼ ነው የምታገባው?» የሚለው፣ ነገ እጀምራለሁ እየተባለ የሚያልፈው ዓመት፣ እነዚህን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበርና አንባቢን ደጅ አያስጠናም። ምዕራፉን አቋርጣችሁ ብትመለሱ አትጠፉም።

ጉድለቱ ሴቶቹ ናቸው። ሉሊት አበራ በሚያያት ዓይን ብቻ ስለምትታይ ራሷ ምን እንደምታስብ ብዙ ጊዜ አይነገረንም። እንደ ሴት አንባቢ ከእሷ ጋር አንድ ምዕራፍ ብቻዬን ብቀመጥ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ኦሮማይ

ያው ደራሲ ነው፤ መጽሐፉ ግን ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን የማያውቅ አንባቢ የለምና መጽሐፉን ያለዚህ ጥላ ማንበብ አይቻልም። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት እንደ ልቦለድ ብቻ ላነበው ታገልኩ፤ ብቻውን ይቆም እንደሆነ ለማየት።

ይቆማል። ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ፣ ደርግ በኤርትራ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የቅስቀሳ ሥራ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ በአንዱ ስብሰባው፣ ዕቅዱ፣ የስለላው ሴራ፣ በሌላው አስመራና ፍቅሩ። አስመራን ያላየሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ግን መንገዶቿን፣ ቡና ቤቶቿን፣ የምሽት አየሯን የማውቅ ይመስለኛል። ርዕሱ ራሱ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ አነጋገር የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ አለቀ» እንደማለት።

የሚከብደው የመጀመሪያው ሩብ ነው። ሹማምንቱ ብዙ፣ ስሞቹ ብዙ፣ የስብሰባው ንግግር ረጅም ነው። የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ስማቸውንና ኃላፊነታቸውን በእርሳስ እየጻፍኩ ነው ያለፍኩት፤ ረድቶኛል። ስለ ኤርትራ ጦርነትና ስለ ደርግ ዘመን ምንም የማያውቅ ወጣት አስቀድሞ አንድ ታላቅ ሰው ቢጠይቅ ይሻለዋል። መጨረሻው ወደ ናቅፋ ተራራ ሲወጣ ግን ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እነዚያን ገጾች ሌሊት አንብቤ ጠዋት ሥራ ስገባ ሰው ማናገር ከብዶኝ ነበር።

ለዚህ ነው አንድ ማስጠንቀቂያ የምጨምረው። ጦርነት ወንድም ወይም ልጅ የወሰደበት ሰው ሳታማክሩት በስጦታ አትስጡት። የአክስቴን ልጅ መጽሐፉ ጥሩ ነው ብዬ ሰጥቼው ከግማሽ በላይ መሄድ አልቻለም፤ ምክንያቱን ስሰማ አስቀድሜ መጠየቅ እንደነበረብኝ ገባኝ።

ሰመመን

የሲሳይ ንጉሡ ልቦለድ ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ አቤል፣ ትዕግሥት፣ መናገር ያቃተው ፍቅር፤ ከዚህ በላይ ብናገር አበላሽባችኋለሁ። ከስድስቱ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ይይዛል፣ ምንም ቅድመ ዕውቀት አይጠይቅም። በሃያ ዓመቴ ሳነበው አልቅሻለሁ። አሁን ሳነበው ዝምታው አንዳንዴ ያበሳጨኛል፤ «ንገራት እንጂ!» እላለሁ። ይህ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከ17 እስከ 25 ላለ ሰው ከዚህ የሚሻል መጀመሪያ አላውቅም።

ዴርቶጋዳ

ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ሲያወጣው ወጣቱ እየተቀባበለ ያነበው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ የሰፈራችን ልጆች ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። በአሜሪካ የጠፈር ሳይንስ ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ የስለላ ድርጅቶች፣ የጣና ገዳማት፣ ምስጢር በምስጢር ላይ።

ፍጥነቱን የሚወዳደረው የለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ሳትከፍቱ መተኛት ይከብዳል። የሳበኝ የጣና ክፍል ነው፤ የድሮ ጥበብ የተቀበረባት ሀገር አለችን የሚለው ስሜት ልብ ያሞቃል። በአምስተኛው መስፈርቴ ግን ይወድቃል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ንግግር የሚያደርጉ ይመስላሉ፤ አጋጣሚው ይበዛል፤ አንድ ወር ቆይቼ ሳስታውሰው የቀረኝ ሩጫው እንጂ ሰው አይደለም። ታሪኩ በ«ራማቶሓራ» ስለሚቀጥል አንድ መጽሐፍ ገዝቶ መገላገል የሚፈልግ ይህንንም ያስብበት።

ያም ሆኖ ይህን መጽሐፍ የሚያንቋሽሹ አንባቢዎች ያሳዝኑኛል። ስንቱ ወጣት ወደ ሌሎቹ መጻሕፍት የገባው በዚህ በር ነው።

ግራጫ ቃጭሎች

አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ያሳተመው ልቦለድ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቁሜ በሦስተኛው ነው የጨረስኩት። የመዝገቡ ሕይወት ነው የሚተረከው፤ ነገር ግን «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያላችሁ ብትሮጡ ምንም አታገኙም። አዳም ሽታን፣ ምግብን፣ የግድግዳን ቀለም፣ ልጅ ሆኖ የተሰማን ስድብ እያነሣ እዚያው ይቆያል። አንዳንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ስላልገባኝ ሳይሆን ስላማረኝ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ በእርግጥ ስላልገባኝ ነው።

በታክሲ ውስጥ አይነበብም። ሞክሬዋለሁ። ጸጥታና ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈልጋል፤ ለሳምንት ከተዋችሁት ክሩ ይጠፋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ብዙ አንብቦ «አማርኛ ልቦለድ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ» ለሚል ሰው ግን መጀመሪያ የማቀብለው ይህንን ነው።

በአጭሩ ሲታይ

| መጽሐፍ | አጀማመር | ቋንቋ | መቆራረጥ | ቅድመ ዕውቀት | ማን ይቀራል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍቅር እስከ መቃብር | ዝግ ያለ | መካከለኛ፣ ጥንታዊ ቃል አለው | ይችላል፣ በምዕራፍ | የድሮ ሥርዓትና ቤተ ክህነት | ጉዱ ካሳ፣ ፊታውራሪ መሸሻ |
| ከአድማስ ባሻገር | ፈጣን | ቀላል | በደንብ ይችላል | አይፈልግም | አበራ |
| ኦሮማይ | በስም ብዛት የከበደ | ቀላል | ከሩብ በኋላ ይችላል | የደርግ ዘመንና የኤርትራ ጦርነት | ጸጋዬ፣ ፊያሜታ፣ አስመራ |
| ሰመመን | ወዲያው ይይዛል | በጣም ቀላል | በደንብ ይችላል | አይፈልግም | አቤል |
| ዴርቶጋዳ | ወዲያው ይይዛል | ቀላል | ይችላል፣ ግን አያስቆምም | አይፈልግም | ጣና |
| ግራጫ ቃጭሎች | ከባድ | ከባድ | አይችልም | ትዕግሥት | መዝገቡ |

ለማን የትኛው?

ለዓመታት ሳያነብ ለቆየ ሠራተኛ «ከአድማስ ባሻገር»ን እሰጣለሁ። አጭር ስለሆነ ይጨረሳል፤ አንድ መጽሐፍ መጨረስ ደግሞ ሁለተኛውን ያስጀምራል። ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ «ሰመመን»፤ ስልኩን ለማይለቅ ታዳጊ «ዴርቶጋዳ»። ታሪክና ፖለቲካ ለሚከታተል፣ ጋዜጣ ብቻ እያነበበ ልቦለድ ለማይነካ ሰው «ኦሮማይ» ያለ ጥርጥር ይመጥነዋል።

ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች ወይም መኪና ሲነዳ ለሚውል ሰው የወጋየሁን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ አስጀምሩላቸው። ትረካው መጽሐፉን ይተካል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ግን ምንም ካለመስማት እጅግ ይሻላል።

ውጭ ሀገር ተወልደው ፊደል ላልለመዱ ልጆች ሌላ መንገድ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ «ኦሮማይ»ም በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ወላጅ አማርኛውን፣ ልጅ እንግሊዝኛውን ይዘው ጎን ለጎን ቢያነቡ ማታ የሚያወሩት አያጡም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ገንዘብ ካጠረ አለመግዛትም ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ ይችላል። ወፍራሙን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሁለትና ለሦስት ሆኖ ገዝቶ መቀባበልም ያዋጣል። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ የቆዩት እትሞች ይገኛሉ፤ ወረቀታቸው ቢደበዝዝም ብዙ ጊዜ ፊደላቸው ከአዲሶቹ ኮፒዎች የጠራ ነው።

ኮፒ ስል ያለ ፈቃድ የሚባዛውን ማለቴ ነው። በደራሲውና በቤተሰቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ነገር ሆኖ፣ ለገዢውም አይበጅም። እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት «ኦሮማይ» መሐሉ ላይ 16 ገጽ ጎድሎት ነበር፤ ያወቅሁት እዚያ ገጽ ስደርስ ነው። አሁን ከመክፈሌ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ የገጽ ቁጥሩ ሳይዘል መሄዱን፣ መሐል ላይ ቀለሙ አለመድከሙን፣ የመጨረሻው ገጽ መኖሩን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩም አይቆጣም።

ለመንገደኛ ክብደትም ይቆጠራል። ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነበር የሚፈቀድለት፤ እህቴ ይቅር ያለችውን በርበሬና ሽሮ እናታችን ይቅር አላለችም። ከዚያ በተረፈው ቦታ «ከአድማስ ባሻገር» ገባ።

ካደረስኩላት ሦስት ሳምንት ሆኖ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ስለ ሉሊት ጠየቀችኝ፣ ልክ እኔ ቅር ያለኝን ቦታ። አንድ ሰዓት ተከራከርን። «ኦሮማይ» ለሚቀጥለው ጉዞ ተመድቦ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ።